የእንቅልፍ ዋስ

የእህቴን አማት እዚህ ላይ «እሳቸው» እያልኩ የምጽፈው ያሳደገኝ ሥርዓት ይዞኝ ነው። አንጀቴ የሚለው ሌላ ነው። ታናሽ እህቴን ከቡሬ ገጠር ፍኖተ ሰላም ድረስ አምጥተው እናታችን ደጃፍ ላይ የመለሷት እሳቸው ናቸው። ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው አንዲት ቃል አልተነፈሱላትም፤ ደጃፋችን ሲደርሱ ግን ምላሳቸው ተፈታ። እናቴን ከሳሙ በኋላ ልጅዎ እንቅልፍ አትጠግብም አሏት። ሰረቀች አላሉም፣ ሰደበችን አላሉም፣ በልጄ ላይ ሌላ ወንድ አየች አላሉም። ክሱ ተኛች ነው። ገና እግር ያወጣች ልጇን እዚያው አስቀርተው፣ እሷን ከነጠላዋ ጋር ጥለዋት፣ ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ተመለሱ።

እህቴ የዚያን ቀን አላለቀሰችም። ደጋግማ የጠየቀችን ልጇን ማን እንደሚያስተኛት ብቻ ነበር።

እውነቱን ለመናገር እህቴ ትተኛለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ጀንበር ስትጠልቅ ዓይኗ የሚበራ፣ ጎህ ሲቀድ እንደ ድንጋይ የምትከብድ ልጅ ነበረች። እናታችን ትምህርት ቤት ለመላክ ፊቷ ላይ ውሃ ስትረጭ፣ ብርድ ልብሷን ስትገፍፍ፣ በአለንጋ ስታስፈራራ ነው ያደገችው። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ምን ትምህርት እንደሆነ ሳታውቅ አሥረኛ ክፍል ደረሰች ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የከሰዓት ፈረቃ የደረሳት ዓመት ግን ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። ያኔ ማንም ነገሬ አላለውም። በሚቀጥለው ዓመት የጠዋት ፈረቃ ሲደርሳት ወደቀች፤ ሰነፍ ተባለች፤ ተዳረች።

በአማቷ ቤት የሴት ሙያ የሚለካው ጎህ ሳይቀድ በተሠራው ነው። በረት ካልተጠረገ፣ ላም ካልታለበች፣ ውሃ ካልተቀዳ ያቺ ሴት እንደሌለች ትቆጠራለች። እህቴ ማታ ማታ ሁሉም ሰው ወገቡን ሲያሳርፍ በቆሎ ትፈለፍላለች፣ በርበሬ ትቀነጥሳለች፣ የነገውን እህል አበጥራ ታስቀምጣለች። ሲነጋ ሥራውን ተሠርቶ ያገኙታል፤ ማን ሠራው የሚል ግን የለም። የማታ ሥራ ከሥራ አይገባም፤ የጠዋት እንቅልፍ ግን እንቅልፍ ነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከሌላው ሴት እኩል ተኝታ፣ ከሌላው ሴት የበለጠ ሠርታ፣ እንቅልፋም ተባለች።

ደግሞ የባሏ አባት ቄስ ናቸው። ጀንበር ስትገባ ዓይናቸው ይከደናል። እራት ላይ ጉርሻውን በእጃቸው እንደያዙ ያንቀላፋሉ፤ ለቅሶ ቤት ማምሸት ጨርሶ አይሆንላቸውም፤ ሠርግ ላይ ሙሽራው ሳይገባ ተኝተው ያውቃሉ። በምትኩ አገር ሳይነቃ ይነቃሉ። ይህን ስንፍና ያለው ሰው የለም። አባታችን ለጸሎት ነው የሚነሡት ይባላል። ይነሡ፣ ይጸልዩ፣ አልቃወምም፤ ሰውየው ጸሎታቸውን አያስታጉሉም። ግን እንቅልፉ ራሱ ጥሏቸው ስለሚሄድ ነው የሚነሡት። አንድ ጣሪያ ሥር አንዱ ቀድሞ ስለተኛ ጻድቅ፣ አንዷ ዘግይታ ስለተኛች ሰነፍ ሆነው ኖሩ።

እኔ፣ ታላቅ እህቷ፣ ፍኖተ ሰላም ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ባሕር ዳር ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር ሳጠና የከረምኩት ይህንኑ ነበር፤ በሰውም፣ በአይጥም፣ በላምም ሴል ውስጥ ሌትና ቀኑን የሚያስኬዱት ፕሮቲኖች ቅርጻቸው ምን እንደሚመስል። አሁን ለተማሪዎቼ ከኤሌክትሪክ ሽቦና ከጭቃ ሠርቼ አሳያቸዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሎክና ቢማል የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖች አሉ። ፕሮቲን ማለት ረጅም ክር ነው፤ ተጠማዝዞና ተጣጥፎ ቅርጽ ይይዛል፤ ሥራውም ያለው በቅርጹ ላይ ነው። የአንዱ ጉብታ በሌላው ጎድጓዳ ይገጥማል፤ ክሎክና ቢማል እንዲህ ተቃቅፈው ነው የሚሠሩት፣ ለየብቻቸው ዋጋ የላቸውም። ተቃቅፈው ዲ ኤን ኤው ላይ ይቀመጡና ፔርና ክራይ የተባሉ ሌሎች ፕሮቲኖች እንዲሠሩ ያዛሉ። ፔርና ክራይ ቀስ እያሉ ይጠራቀማሉ፣ ተያይዘው ወደ ሴሉ እምብርት ይመለሳሉ፣ ያሠሯቸው ላይ ሄደው ይለጠፉና ዝም ያሰኟቸዋል። ትእዛዙ ይቆማል። ከዚያ ፔርና ክራይ ራሳቸው ፈራርሰው ያልቃሉ፤ ክሎክና ቢማል ነፃ ይወጣሉ፤ እንደገና ይጀመራል። ይህ ዙር አንድ ቀን ገደማ ይፈጃል። እንቅልፋችን፣ ረሃባችን፣ የሰውነታችን ሙቀት የሚከተለው ይህን ዙር ነው።

ክራይ ጫፉ ላይ ጭራ አለችው። የጭራዋ ጥቅም ክራይ ከመጠን በላይ አጥብቆ እንዳይዝ ማላላት ነው። በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ከዚህች ጭራ አንድ ቁራጭ ጎድሎበት የሚወለድ ሰው አለ። ያን ጊዜ ክራይ የያዘውን በጊዜ አይለቅም፤ እራቱን በልቶ አልነሣም እንዳለ እንግዳ ቤቱን ይዞ ይቀመጣል። የዚያ ሰው ቀን ከሌላው ሰው ቀን ይረዝማል፣ እንቅልፉም ይዘገያል። ፔር ላይ ደግሞ አንዲት ቦታ ብቻ ስትለወጥ ፔር ቶሎ የሚፈርስበት ሰው አለ፤ ያ ሰው በጊዜ ይተኛል፣ በጊዜ ይነቃል። የእህቴን ደም መርምሮ ይህ ነው ያለኝ የለም፤ የቄሱንም እንዲሁ። በሰው አገር የእነዚህ ፕሮቲኖች እያንዳንዷ አቶም የት እንደተቀመጠች ሥለው ጨርሰዋል፤ እዚህ የእህቴን አንዲት ጠብታ ደም ለዚህ ብሎ የሚያይ የለም። ይህም ሌላ ቃጠሎ ነው። ግን ዓመት ሙሉ ያጠናሁትን ነገር በቤቴ ሲመላለስ እያየሁት አላየሁም ማለት አልችልም።

በሳምንቱ አማቲቱ መልእክት ላኩ። የሚያስተኛት ጋኔን ነው፤ ፀበል ተጠምቃ ሲለቃት ሽማግሌ ይሰብሰብና ትመለስ አሉ። ደሜ ፈላ። ጋኔን እንዲህ ሥራ ፈትቶ ነው ጠዋት ጠዋት ሰው ብርድ ልብስ የሚያለብሰው እያልኩ ቤቱን አመስኩት። እናቴን ተቆጣሁ። እህቴ ግን ልጄን የማገኝበት መንገድ ይህ ከሆነ እሄዳለሁ ብላ ነጠላዋን አጣፋች።

ፀበሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው፤ ጨለማው ሳይገፍ ይኬዳል። እናቴ እየጎተተች ትወስዳታለች። ሕጉ ጥብቅ ነው፤ ማታ በጊዜ መተኛት፣ ስልክ አለመነካካት፣ በባዶ ሆድ መምጣት፣ ከተጠመቁ በኋላ ውሃውን በጨርቅ አለማድረቅ። ስለዚህ ተጠማቂው ሁሉ ሜዳው ላይ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዙሮ ፀሐይ እስክታደርቀው ይቆማል። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ደመና የለም፤ ፀሐይዋ ስትወጣ ዓይን ውስጥ ነው የምትገባው። ሁለት ሱባኤ ሳይሞላ እህቴ ሳትቀሰቀስ መንቃት ጀመረች። ጋኔኑ ጮኾ ወጣ ተባለ። የጮኸችስ ውሃው እንደ በረዶ ሆኖባት ነው፤ ማን ይስማኝ።

ሰው እህቱ ሲሻላት ይናደዳል? እኔ ተናደድኩ። የጠዋት ብርሃን በዓይን ሲገባ እነዚያው ፕሮቲኖች ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ሰዓት ወደፊት ስበው ሰውን በጊዜ ያነቁታል፤ ማታ ከስልክ መራቅም ያግዛል። ያዳናት ፀሐይ ናት። ምስጋናውን የወሰደው ሌላ፣ ስሟ የጠፋው እህቴ። ጋኔን ነበረባት እንደተባለች ልትቀር ነው። ይህን ለእናቴ ዘርዝሬ ስነግራት ምስሯን እየለቀመች እስከ መጨረሻው ሰማችኝ።

«ፀሐይቱንስ የሠራት ማን ሆነና?» አለችኝ።

በሩን ገጭ አድርጌ ወጣሁ።

ሽማግሌዎቹ የተቀጠሩት እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። መንገዱ ለሳምንታት ተዘግቶ ቆይቶ ገና መከፈቱ ስለሆነ ሚኒባሱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። የሽቦ ፕሮቲኖቼን በፌስታል ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዣለሁ። ካዩት ይገባቸዋል ብዬ ነው። ማንኩሳ ላይ የተሳፈሩ አንድ ሰውዬ የወፍ ወጥመድ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ ብያቸው አረፍኩ። እናቴ እንዳትናገሪ ብላ ሁለት ጊዜ አስጠነቀቀችኝ፤ እህቴ መስኮቱን ብቻ ታያለች። ቡሬ ላይ ወርደን ቀሪውን በእግር ሄድን።

ከቄሱ ደጃፍ፣ ከዛፉ ጥላ ሥር፣ አጎዛ ተነጥፎ ሽማግሌዎቹ ተቀምጠዋል። የእህቴ ባል ዳር ላይ ቆሟል። ደግ ሰው ነው፤ ይወዳታልም፤ እናቱ ፊት ግን ምላሱ ይታሰራል። እሱንም አልማርኩትም። ልጅቱ እናቷን መጀመሪያ አላወቀቻትም፤ ከአያቷ ቀሚስ ኋላ ሆና አየቻት። እህቴ ተንበርክካ እጇን ዘርግታ ጠበቀች። ብዙ ጠበቀች። ልጅቱ በመጨረሻ እየተንገዳገደች መጣችና አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሊያላቅቃት አልቻለም።

ነገሩ በመልካም ተጀመረ። ቄሱ ባረኩ፣ ጋኔኑ እንደለቀቃት ተነገረ፣ ሽማግሌዎቹ እግዚአብሔር ይመስገን አሉ። እኔ ፌስታሌን ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ከዚያ አማቲቱ ከሴቶቹ በኩል ተነሡ።

«ለቋል ብላችኋል፤ እሰየው። ተመልሶ ቢመጣሳ? ዋስ ትጥራና ትግባ» አሉ።

በእኛ አገር እርቅ ያለ ዋስ አይታሰርም። ድንበር የተገፋፋ፣ ደም የተቃባ፣ ሚስቱን የደበደበ ሁሉ ሲታረቅ ዋስ ይጠራል፤ ነገሩ ቢፈርስ ዋሱ በስሙ ይጠየቃል። ደግ ሥርዓት ነው፤ ብዙ ደም አስቀርቷል። ግን ለጋኔን ዋስ የሚጠራበት ሸንጎ ያየሁት የዚያን ቀን ነው። ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ ብዬ ጠበቅሁ። አንገታቸውን ነቀነቁና አግባብ ነው አሉ። ጋኔኑ ላይመለስ ዋስ ትጥራ፤ ከተመለሰ ልጇንም ቤቷንም ትታ ትውጣ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው እንኳ ከፍ አላለም።

ያበጠው ይፈንዳ ብዬ ተነሣሁ። አስተማሪ ናትና ትናገር ተባለ። ጋኔን የለም አልኩ፤ አልነበረምም። ፌስታሌን ፈትቼ ሽቦውን ሣሩ ላይ አስቀመጥኩት። ሁለት ሽማግሌዎች አጎዛቸውን ይዘው ወደ ኋላ ተሳቡ፤ አንደኛው አፍንጫቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። መተት መስሏቸዋል። ቄሱም መስቀላቸውን አወጡ። እኔ ግን አላቆምኩም። ክፍል ውስጥ እንደማደርገው ክሎክን ከቢማል፣ ፔርን ከክራይ እያጋጠምኩ፣ ጭራዋን ነቅዬ እያሳየሁ አስረዳሁ። ክረምት ገብቶ ፀሐይዋ በደመና ስትሸፈን እንቅልፉ መመለሱ አይቀርም፤ ያኔ ጥፋቱ የሷ አይደለም አልኩ። ጠዋት ትተኛ፣ ማታ ትሥራ፤ ምን ይጎድልባችኋል አልኩ። ከዚያ ወደ ቄሱ ዞርኩ።

«አባታችን፣ እርስዎም እኮ እንደሷው ነዎት። የእርስዎ ይቸኩላል፣ የሷ ይዘገያል። የሷ ጋኔን ከሆነ የእርስዎስ ምን ሊባል ነው?»

ሰው ሁሉ መሬት መሬቱን አየ። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ቄሱ ግን አልተቆጡም። ሽቦውን ጎንበስ ብለው አዩት፤ መስቀላቸውን መለሱ፤ በዝግታ ጠየቁኝ።

«እንግዲያ ይኸ ነገር ኸምን ይመጣል፣ ልጄ?»

ጥያቄው ቅን ነበር፤ እኔም በቅንነት መለስኩ። በዘር ይወረሳል፣ ከእናት ወይም ከአባት ወደ ልጅ ይተላለፋል አልኩ።

ይህ ቃል ክፍል ውስጥ ተማሪ የሚያዛጋበት ቃል ነው። እዚያ ጥላ ሥር ግን ሌላ ነገር ነው። ልጅ ለመዳር ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት የሚጣራው፣ በጆሮ የሚንሾካሾኩበት ነገር ነው፤ ዘራቸው ላይ ነገር አለ የተባለ ቤት ልጁን ለጋብቻ የሚጠይቅለት የለም። ጋኔን በማንም ላይ ያድራል፣ ባደረበት ሰው አይፈረድበትም፤ ዘር ግን ይከተላል። አማቲቱ መጀመሪያ እህቴን አዩ፣ ከዚያ እናቴን አዩ፣ በመጨረሻ እህቴ አንገት ላይ የተጠመጠመችውን የልጅ ልጃቸውን አዩ።

«እንዲያ ኸሆነ ልጅቱም...» አሉና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

ሽማግሌዎቹ ለመምከር ፈቀቅ ሲሉ እህቴ ልጇን እንዳቀፈች እጄን ይዛ ወደ ጎተራው ጀርባ ወሰደችኝ።

«እውነትሽን ነው ያልሽው?»

«እውነቴን ነው።»

«አውቃለሁ፤ አንች አትዋሽም። ግን ጋኔን ይወጣል። አንች ያልሽው አይወጣም።»

ወደ ከተማ ነይ አልኳት። እኔ ጋ ትኖሪያለሽ፣ የከሰዓት ሥራ ይገኛል፣ ማንም ጠዋት አይቀሰቅስሽም አልኳት። ልጄንስ ይሰጡኛል አለችኝ። ቢሰጡኝስ፣ ከዛሬ ወዲያ እሷን ማን ያገባታል አለችኝ። ገና ጥርሷን ላልጨረሰች ልጅ የባል ጭንቀት ተይዞላት ሳይ መጮኽ አማረኝ። የማን ላይ እንደምጮኽ ግን አላወቅሁም።

ሽማግሌዎቹ ሲመለሱ እህቴ ሳትጠራ ሄዳ መሐል ቆመች። «እህቴ የተናገረችው የትምህርቷን ነው፣ በመጽሐፍ ያለ ነገር ነው» አለች። «በኔ ላይ ያደረው ግን ጋኔን ነበር፣ በፀበል ወጥቷል፣ ስጮኽም ሰው ሰምቶኛል» አለች። ዋስሽ ማን ነው ተባለች።

«ዋሴ እህቴ ናት» ብላ እጇን ወደ እኔ ዘረጋች።

ብልሃቷ ወዲያው ገባኝ። በዘር ነው ያለች ሴት ራሷ ጋኔን ነበር ብላ ዋስ ከሆነች፣ ዘር የተባለው ነገር እዚያው ይቀበራል። ሁሉም እኔን አየ። ሽቦው ሣሩ ላይ እንደተቀመጠ ነው። ልጅቱ የእናቷን አንገት እንዳነቀች ነው። ተነሣሁና ጋኔን ነበረባት፣ ወጥቷል፣ ቢመለስ በኔ ይሁን አልኩ። ቄሱ እግዚአብሔር ያጽናው አሉ፤ ሽማግሌዎቹ አሜን አሉ፤ ጠላ ቀረበ። እኔ አልጠጣሁም።

ስንመለስ የእህቴ ባል እስከ መንገዱ ሸኘን። ሰው አለመኖሩን ግራ ቀኝ አይቶ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ትልቅ ነገር ነው ያደረጉልን አለኝ። አንተ አንድ ቀን አፍህን ከፍተህ ቢሆን እኔ ዛሬ አልዋሽም ነበር አልኩት። አንገቱን ደፋ። መድፋት ይችልበታል።

ዋስነቴ ይኸውላችሁ። ክረምት ገብቶ ደመናው ሲጫን፣ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥቼ እደውልላታለሁ። ተነሥቻለሁ ስትለኝ አላምናትም፤ የላሟን ትንፋሽ በስልኩ እስክሰማ አልዘጋም። ኔትወርክ ሲጠፋ ደግሞ፣ የሚጠፋበት ጊዜ ብዙ ነው፣ እዚያ ማን ቀሰቀሳት እያልኩ እብሰለሰላለሁ። የማታ ሥራዋን አልተወችም፤ ዓይኗ እስካልተከደነ ድረስ እጇ አያርፍም። የጠዋቱ ተጨመረባት እንጂ አልተተካላትም። ከስታለች። ባለፈው ፋሲካ ሳያት የቀለበቷ ጣት ላይ ክር ጠምጥማ ነው ቀለበቱን ያቆመችው። አማቲቱ ግን ምራቴ ተባርካለች እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ አሉ። እኔም በዚያው ሰሞን ተማሪዎቼ ፊት ሽቦውን ይዤ የክራይን ጭራ ሳሳይ ነቅዬ በእጄ ይዣት እቀራለሁ፤ አንዷ ተማሪ ቲቸር ምን ሆነሽ ነው ብላኛለች።

ልጅቱ አሁን አፏን ፈትታ ተረት ትጠይቃለች። በቀደም እህቴ ከሰዓት ላይ ደወለችልኝ፤ በዚያ ሰዓት ደውላ አታውቅም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች። ልጅቱ ማታ ማታ ዓይኗ አልከደን እያለ ነው አለች። «ሁሉም ተኝቶ እኔና እሷ ብቻ እንቀራለን፤ ጠዋት ደግሞ ቢያነሷት ቢጥሏት አትነቃም» አለችኝ። አማቲቱ አይተዋል፤ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው የምራቴን ዋስ ጥሩልኝ ብለዋል።

«እሑድ ነይ» አለችኝ። «ሽቦሽን ግን እንዳታመጭ።»